ካንዴላ ዘይት ነካው ማለት ሞተሩ አለቀ ማለት አይደለም

ጥያቄው ከአዳማ የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኳት በፈረንጅ 1978 የተሠራች ላዳ 2101 አለችኝ። ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ከአሰላ ስመለስ ቁልቁለቱን ጨርሼ ነዳጅ ስሰጣትም እንደዚያው ታጨሳለች። ሦስተኛው ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) በዘይት ርሶ ይወጣል። የቀሩት ሦስቱ ጠቆር ቢሉም ደረቅ ናቸው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ካንዴላ ቀየርኩ። አንድ መካኒክ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለክቶ 8.6፣ 8.4፣ 8.3 እና 8.5 ኪሎ አገኘ። የመኪናው መጽሐፍ ከ10 በታች አይፈቅድም፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ አለኝ። ሌላው ወፍራም ዘይት አድርግ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሞቃት ካንዴላ (ጫፉ ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ) ግዛ አለ። የቱን ልስማ?»

ሦስቱንም አትስማ። ሞተሩንም አታስወርድ፤ ቢያንስ አሁን አታስወርድ። የጻፍክልኝ ቁጥርና ጭሱ የሚወጣበት ሰዓት አንድ ላይ ሲታዩ ወደ ፋሻው አይመሩም። የሚመሩት ወደ ላይ፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ ወደሚከድነው ወደ ቴስታታው ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ደህና ሞተሩን የሚያስፈታው በእሱ ነውና። መጽሐፉ የጻፈው 10 ኪሎ (በካሬ ሴንቲ ሜትር) በባሕር ጠለል ላይ የሚለካ ነው። አዳማ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ አካባቢ ነው። ፒስተኑ ሊጨምቀው የሚያስገባው አየር ገና ከመግቢያው የሳሳ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ኪሎ የሚያሳይ ሞተር አዳማ ላይ 8.2 አካባቢ ያሳያል። 11 የሚያሳየው 9 ላይ ይቆማል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ያው ሞተር 7.5 ቢያሳይ አትደንግጥ። ያንተን 8.3 እና 8.6 ጅቡቲ ወርደህ ብትለካቸው ከ10 በላይ ይሆኑ ነበር። መካኒክህ መለካቱ ትክክል ነው፣ እንዲያውም ያለ መለኪያ ከሚፈርደው ይሻላል። የተሳሳተው ያገኘውን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር እንዳለ ማስተያየቱ ላይ ነው።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከት። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው ልዩነት እስከ 1 ኪሎ ነው። ያንተ 0.3 ብቻ ነው። ዘይት የሚጠጣው ሦስተኛው ሲሊንደር እንኳን ከጎረቤቶቹ አልራቀም። ያለቀ ወይም የተሰበረ የኮምፕሬሽን ፋሻ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰጥህም።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ መካኒኮችም ይስቱታል። ጥሩ ኮምፕሬሽን አለ ማለት ፋሻው በሙሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ፒስተኑ ላይ ሦስት ፋሻዎች አሉ። ግፊቱን የሚይዙት በዋናነት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። የታችኛው ሥራው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይት መጥረግ ነው። እሱ በካርቦን ተጣብቆ መጥረግ ቢያቆም፣ ኮምፕሬሽኑ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። ስለዚህ ያንተን ፋሻ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው አልልም። ዋናው ተጠርጣሪ ግን እሱ አይደለም።

ወደ ፍርድ ከመሄዳችን በፊት ካንዴላው በእርግጥ የነካው ዘይት መሆኑን እናጣራ። ከሲሊንደር የወጣ የዘይት ካንዴላ ጫፉ ጥቁር፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ነው። በጣትህ ስትነካው ያሙለጨልጫል፣ ቤንዚን እንደሚተንነው በቶሎ አይደርቅም። ነዳጅ የበዛበት ካንዴላ ደግሞ እንደ ድስት ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ነው፣ ብትጠርገው ይረግፋል። የቀሩት ሦስቱ ካንዴላዎችህ ጠቆር ያሉት በዚህ ይመስለኛል። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር አዳማ ላይ አየሩ ሲሳሳበት ነዳጁ ይበዛበታል፤ አሰላ ወጥተህ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይህ የካርቡራተር ማስተካከል ሥራ ነው፤ ከዘይቱ ጉዳይ ለይተህ ያዘው።

ሌላው የሚምታታው ከውጭ የሚመጣ ዘይት ነው። ላዳ ላይ ካንዴላዎቹ በቴስታታው ጎን ተሰልፈው ነው የሚታሰሩት። የላይኛው ክዳን ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲደርቅ ዘይቱ በጎን ወርዶ ነጩን ሸክላና የካንዴላውን ክር ያርሰዋል። ያኔ ጫፉ ደረቅ ሆኖ ውጭው ብቻ ይርሳል። እንዲህ ከሆነ ጋርኒሲዮን ቀይረህ ትጨርሳለህ፣ ስለ ሞተሩ ሆድ ምንም ማሰብ የለብህም። ያንተ ግን ሰማያዊ ጭስ ስላለው ዘይቱ ውስጥ ገብቶ እየተቃጠለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዘይት ወደ ሲሊንደር የሚገባበት መንገድ ሦስት ነው፦ ከታች በፋሻው፣ ከላይ በቫልቩ (አየር በሚያስገባውና ጭስ በሚያስወጣው በር) ግንድ፣ ወይም ሞተሩ በሚተነፍስበት ቱቦ በኩል ከአየር ማጣሪያው ጋር። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ጭሱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። አንተም ሳታውቀው መልሱን ጽፈህልኛል።

ፋሻ ያለቀበት ሞተር የሚያጨሰው ሲሠራ ነው። አቀበት ሲወጣ፣ ጭነት ሲጎትት፣ ነዳጅ ስትረግጥበት ያለማቋረጥ ያጨሳል። ከአዳማ ወደ አሰላ በዴራና በኢተያ በኩል ስትወጣ ከኋላህ ያለው ሹፌር ጥሩምባ ይነፋብሃል። አንተ ግን ስትወጣ አጨሰ አላልክም። ስመለስ፣ ቁልቁለቱን ጨርሼ ነው ያልከው።

ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጅ ታነሳለህ፣ ማርሽ እንደገባ ነው። የካርቡራተሩ በር ይዘጋል፣ ፒስተኖቹ ግን ጎማው እየነዳቸው መሳባቸውን አያቆሙም። የሚስቡት አየር ስለሌለ በመግቢያው በኩል ከባድ ባዶነት ይፈጠራል። ያ ባዶነት ያገኘውን ሁሉ ይስባል። በመግቢያው ቫልቭ ግንድ ዙሪያ ደግሞ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካምሻፍቱ የሚፈስ ዘይት አለ። ዘይቱን የምትከለክለው በቫልቩ ጋይድ (ግንዱ በሚንሸራተትበት ቱቦ) ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የተደፋች አንዲት ትንሽ ጎማ ናት፤ እሷን ነው የቫልቭ ሲል የምንላት። ጎማዋ ደርቃ ከተሰነጠቀች ዘይቱ ግንዱን ይዞ ይወርዳል። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ስትሰጥ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። የምታየው ጭስ እሱ ነው። የጠዋቱም እንደዚያው ነው። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ ላይ የቀረው ዘይት በደረቀችው ጎማ በኩል ሲንጠባጠብ ያድራል፣ ጠዋት ይቃጠልና ያልቃል። ለዚህ ነው ትንሽ ቆይቶ የሚጠፋው።

ላዳ 2101 ከፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት። ሩሲያውያኑ ግን ሞተሩን ቀይረው ካምሻፍቱን ከላይ፣ ቴስታታው ላይ አስቀመጡት። ስለዚህ ቫልቮቹ አካባቢ ዘይት በብዛት አለ፤ ስምንቱ ጎማዎች ሲደርቁም ወዲያው ያስታውቃል። የጥንቱ ጥቁር ጎማ በሙቀት እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። ብዙ ቆማ የኖረች መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። የአባትህ መኪና ለረጅም ጊዜ ቆማ ከነበረ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሦስተኛው ብቻ ተለይቶ የረጠበው የእሱ መግቢያ ቫልቭ ጎማ ተቀድዳ ወይም ከቦታዋ ወጥታ ይሆናል። እንዲህ ወልቃ ጋይዱ ላይ ስትዋልል በእጄ ያነሳኋት ብዙ ናት።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ራስህ የምታደርጋቸው ነገሮች አሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃሃል። መጀመሪያ የዘይት ልኩን እይ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ትርፉ ወደማይገባበት ይገባል፤ ቀንሰው። ቀጥሎ ከሞተሩ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደውን የመተንፈሻ ቱቦ ፍታ። ውስጡ በጥቁር ዝቃጭ ከተደፈነ ሞተሩ መተንፈስ ስለሚያቅተው ዘይቱን በየክፍተቱ ይገፋዋል። በነጭ ጋዝ እጠበውና አድርቀህ መልስ። ውስጡ ያለችውን ትንሽ የእሳት መከላከያ ወንፊት አትጣላት፤ ካርቡራተሩ ወደ ኋላ ቢተኩስ እሳቱን ከሞተሩ ሆድ የምታግደው እሷ ናት።

ከዚያ ሞተሩን አሙቀህ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ) አሥር ደቂቃ ተወው። ሰው ከኋላ ይቁምልህና አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ነዳጅ ስጥ። ሰማያዊ ጭስ ቦለል ብሎ ወጥቶ ወዲያው ከጠራ የቫልቭ ሲሉ ነው። ጭሱ እስከረገጥክ ድረስ ካልቆመ ፋሻው ነው። በመጨረሻ ሦስተኛውን ካንዴላ ፍታና ፒስተኑን ከፍ አድርገህ በቀጭን ባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ እይ። የፒስተኑ ራስ ዳር ዳሩ ታጥቦ ንጹሕ ብረት ከሆነና መሀሉ ብቻ ካርቦን ከያዘ፣ ዘይቱ ከታች በፋሻው እየወጣ ያጥበዋል ማለት ነው። እስከ ዳሩ እኩል ጥቁር ከሆነ የሚመጣው ከላይ ነው። ይቺን የፒስተን ማየት ነገር ብዙ ሰው አያደርጋትም። እኔ ግን ከኮምፕሬሽን መለኪያ እኩል አምናታለሁ።

ኮምፕሬሽኑን ደግመህ የምታስለካ ከሆነ አለካኩ ይስተካከል። ሞተሩ ይሙቅ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አራቱም ካንዴላ ይፈታ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ። ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጡ የሚለኩ አሉ፤ ያ ቁጥር ዋጋ የለውም። ቀጥሎ በሦስተኛው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለ ላይኞቹ ፋሻዎች ደክመዋል። ጥንቃቄ፦ ከመለካትህ በፊት የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) መሀል ሽቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅለህ ጫፉን ከካንዴላ ቀዳዳዎቹ አርቀህ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘው። ከተከፈተው ቀዳዳ የቤንዚን እንፋሎት ይወጣል፤ አጠገቡ ብልጭታ ካገኘ ይያያዛል። እጁ የተቃጠለ ልጅ አይቻለሁ።

እንዳልኩት ከሆነ ምክሬ ይህ ነው፦ ስምንቱንም የቫልቭ ሲል በአንድ ጊዜ ቀይር። የሦስተኛውን ብቻ አትቀይር። የቀሩት ሰባቱም ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ ድካሙ ደግሞ ለአንዱም ለስምንቱም ያው ነው። ከተገኘ ቡናማ ወይም አረንጓዴ የሆነውን ሙቀት የሚችል ጎማ ምረጥ። ሻጩ ያለው ጥቁሩን ብቻ ከሆነ እጥፍ አድርገህ ፈትነው፤ ሳይለጠጥ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሱቅ ውስጥ አርጅቷልና ተወው።

ቴስታታው ሳይወርድ ነው የሚሠራው፤ ይህን የማያውቅ ወይም የማይፈልግ መካኒክ ካለ ወደ ሌላ ሂድ። ክዳኑ ይነሳል፣ ካምሻፍቱ ከነቤቱ ይወጣል። ፒስተኑ ከላይ ሲሆን በካንዴላው ቀዳዳ ጎበጥ ያለ ለስላሳ ብረት ገብቶ ቫልቩን ይደግፋል። ወይም ከጎሚስታ ኮምፕረሰር አየር ይሞላበታል። ከዚያ ሞላው ተጨምቆ አሮጌው ጎማ ይነቀላል፣ አዲሱ ዘይት ተቀብቶ ይገባል። ሲገባ በልኩ በተሠራ ቱቦ ቀስ ተብሎ ይገፋ እንጂ በመዶሻ አይመታ፤ ከንፈሯ ከተጎዳች ሥራው ከንቱ ነው። ካቴናው (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ሰንሰለት) ከመለቀቁ በፊት ከነጥርሱ በሽቦ ይታሰር፤ ወደ ታች ከወደቀ የፊቱን ክዳን ያስፈታሃል። ቫልቮቹን የሚረግጡት ክንዶች ከየት እንደወጡ ምልክት ተደርጎባቸው ወደየቦታቸው ይመለሱ። መጨረሻ ላይ ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ በ0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከሉ።

አንድ ገደብ ልንገርህ። ሞላው ሲወጣ መካኒኩ የቫልቩን ጫፍ በጣቱ ይዞ ወደ ጎን ይነቅንቀው። የሚወዛወዝ ከሆነ ጋይዱ ተበልቷል። ባለቀ ጋይድ ላይ የገባች አዲስ ጎማ ብዙ ሳትቆይ ትበላሻለች። ያኔ ቴስታታው ወርዶ ጋይዱ ይቀየራል፤ ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። ያም ቢሆን የሞተሩ ታች አይነካም።

ስለ ወፍራም ዘይት። ለአዳማ ሙቀትና ለዚህ ዕድሜ 20ደብልዩ50 ጥሩ ነው፣ እስካሁን ከሱ የቀጠነ ካደረግህ ቀይረው። ጭሱን ትንሽ ሊቀንሰው ይችላል። የደረቀች ጎማ ግን አያለሰልስም። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት መቀላቀል የሚሉህን ፈጽሞ አትስማ። ጠዋት በቶሎ ወደ ካምሻፍቱ አይደርስም፤ ጭስ ሸፍነህ ካምሻፍት ትበላለህ። ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ መኪና ዘይቱ እንደ ማር ከተሳበ ይህን ጠርጥር።

ሞቃት ካንዴላ ደግሞ ዘይቱን ያቃጥለዋል እንጂ አያቆመውም። ሥራው እስኪሠራ ለአንድ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ እንዳትቆም ሦስተኛው ላይ ብቻ ብታስረው አልከለክልህም። ከዚያ በላይ አይሆንም፤ በረጅም አቀበት ላይ ጫፉ እየጋለ ነዳጁን ያለጊዜው ሊያቀጣጥልና ፒስተን ሊበሳ ይችላል። ስትገዛም ተጠንቀቅ፦ ኤንጂኬ በሚባለው ስሪት ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ይሞቃል፣ ቦሽ በሚባለው ላይ ግን ቁጥሩ ሲበዛ ነው የሚሞቀው። ሱቅ ውስጥ ይህ ሲምታታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሞተር አውርዶ ፋሻ መቀየር ለምን እንደማያስቸኩል በአንድ ታሪክ ላስረዳህ። ከወንጂ የመጣ አንድ ሰው ላዳውን ይዞልኝ መጣ። ሌላ ጋራዥ ፒስተንና ፋሻ ቀይረውለት፣ ሲሊንደሩን አስፍተውለት፣ መኪናዋ ግን ጠዋት ጠዋት እንደ በፊቱ ታጨሳለች። በሬ የሸጠበት ገንዘብ ነበር። የላይኛውን ክዳን ስከፍት ጎማዎቹ ያኔ ከፋብሪካ የመጡት ናቸው፤ በጥፍሬ ስነካቸው ተፈረፈሩ። ከሰዓት በኋላ ጨርሰን ላክነው። ያ ሰው ያጣው ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል። የመጀመሪያው መካኒክ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቀው ኖሮ፣ መቼ ነው የምታጨሰው ቢለው፣ ይድን ነበር።

ጎማዎቹ ተቀይረውም ሦስተኛው ካንዴላ መርጠቡን ካላቆመ፣ ወይም የፒስተኑ ዳር ታጥቦ ካገኘኸው፣ ያኔ የዘይት ፋሻው ተጣብቋል ወይም ተሰብሯል። ሞተሩ ይከፈታል። ሲከፈትም በልክ ይወሰን፦ በፒስተንና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.15 ሚሊ ሜትር ካላለፈ አዲስ ፋሻ ይበቃል፤ ካለፈ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን ይገባል። በዓይን አይቶ «ይስፋ» የሚልህን መለኪያ አምጣ በለው።

ስለ አየር ማጣሪያህ አልጻፍክም፣ እኔ ግን ልጠይቅህ። አዳማ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት፣ ነፋሱ ደግሞ አቧራውን ይዞ ነው የሚዞረው። ያ ደቃቅ አቧራ በተቀደደ ማጣሪያ ወይም በላላ ክዳን ከገባ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ዛሬ ደህና የሆነውን ታች የሚጨርሰው እሱ ነው። ማጣሪያውን በአየር እየነፉ ዓመት ማቆየት የተለመደ ነው፤ ወረቀቱ በሚነፋው አየር ይቀደዳል። ቀይረው፣ የክዳኑ ጎማም ዙሪያውን መግጠሙን እይ።

ሥራው ሲያልቅ አራት አዲስ ካንዴላ እሰር፣ ክፍተታቸውን ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር አድርግ። የዘይቱን ልክ ምልክት ይዘህ 500 ኪሎ ሜትር ንዳ፤ አሰላ ደርሰህ ብትመለስ ጥሩ ነው፣ ቁልቁለቱ ይፈትነዋል። ወደ ሲሊንደሩ ጓዳ የገባው የቆየ ዘይትና በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ውስጥ የቀረው እስኪቃጠል የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ጭስ ብታይ አትደንግጥ። ከዚያ ሦስተኛውን ፍታና ጫፉን እይ። የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ጨርሰሃል። አሁንም ከረጠበ የፒስተኑን ራስ ፎቶ አንስተህ ከዘይት ልኩ ጋር ላክልኝ።